ፒጃማ ለክብር አቀባበል

አለባበስ የሥልጣኔ መሠረት መሆኑን ጠንቅቆ የተረዳ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር። ይህ የተከበረ ተቋም ባለጉዳይ ማስተናገድን ለተራ መሥሪያ ቤቶች ትቶ፣ ሥራ አስኪያጁን መስሎ በመልበስ ረገድ እጅግ አመርቂ ውጤት አስመዝግቧል። እሳቸው ግራጫ ከለበሱ ኮሪደሩ ሁሉ ግራጫ ነው። አንድ ቀን አውራ ጣታቸው አብጦ ክፍት ጫማ አድርገው ቢመጡ፣ ከምሳ በፊት የግማሹ ሠራተኛ ጣት አብጦ ተገኘ። መቼም እንዲህ ያለ የዓላማ አንድነት የትም አይገኝ!

የዚህ ጥበብ አውራ የመምሪያው ምክትል ኃላፊ ነበር። ሠራተኛው እሱ በሌለበት «ከረባት» ይለዋል። ከረባት ጠዋት ጠዋት ፊቱን ሳይታጠብ ለሥራ አስኪያጁ ሾፌር ይደውላል፤ የለበሱትን ጠይቆ ለሌሎቹ ያስተላልፋል። ሲቋምጥለት የኖረው የመምሪያ ኃላፊነት በዚያ ሳምንት ሊሰጥ ነው ስለተባለ፣ ሰውዬው እንቅልፍ በዓይኑ አልዞር ብሎታል።

ሰኞ ጠዋት ደወለ።

«እህሳ፣ ዛሬ ምን ለበሱ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ዛሬስ ፒጃማ እንደለበሱ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለዋል። ነገሩ እንኳ…»

«በቃ፣ በቃ፣ ገባኝ! ተባረክ!» ብሎ ጆሮው ላይ ዘጋበት።

ከረባትም ሰው ነውና ለአፍታ ደነገጠ። ወዲያው ግን የአመራር ብስለቱ ደረሰለት። ነገሩ ከሕዝብ ጋር ያለውን ርቀት የሚያጠብ፣ ዘና ያለ አዲስ አቅጣጫ መሆን አለበት። ቁም ሣጥኑን ከፈተ። አበባ ያለበት ፒጃማ ለሹመት አይመጥንም። ባለ መስመሩ ግን መስመሩ ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድ ቦርጭ ይደብቃል፣ ቁመትም ይጨምራል። ካውያ ሰክቶ መተኮስ ጀመረ።

ሚስቱ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። «አንተ ሰውዬ፣ ደህና ነህ? ፒጃማ ተኩሰህ ልትተኛ ነው?»

«ቢሮ ልገባ ነው።»

«በሞትኩት! ጎረቤት ሳያይህ አውልቀው!»

«አይገባሽም አንቺ። የሹመት ጉዳይ ነው።»

«ሹመቱ ጥንቅር ይበል! ልጆቹ ነገ በየት በኩል ቀና ብለው ይሄዳሉ?»

እሱ ግን ከፒጃማው ላይ ከረባቱን አሳምሮ አሰረና ለባልደረቦቹ እየደወለ ወጣ።

መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ሥራ አስኪያጁን ለመቀበል ሁሉም በየፒጃማው ተሰልፏል። የሒሳብ ሹሙ የራሱ ስላልነበረው የሚስቱን ለብሶ መጥቷል፤ እጅጌው ክርኑ ላይ ቀርቷል። ለዚህ መሥዋዕትነቱ ምስጋና ይገባዋል። መኪናቸው መጥቶ ቆመ። ከኋላ የወረዱት ግን ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ የለበሱ፣ ማንም የማያውቃቸው ሴትዮ ነበሩ።

ሾፌሩ ወደ ከረባት ጠጋ አለ። «ልነግርዎት ስል ዘጉብኝ እኮ ጌታዬ! ሰውዬው ተሽረዋል። አዲሷ ሥራ አስኪያጅ እሳቸው ናቸው።»

ከረባት ከረባቱን አስተካከለ።

ሴትዮዋ ሰልፉን ቃኝተው፣ «ለመምሪያ ኃላፊነት የታጨው የቱ ነው?» አሉ።

ጣት ሁሉ ወደ እሱ ተቀሰረ። እንዲህ ያለ ፈጣን ምላሽ በመሥሪያ ቤቱ ታይቶ አይታወቅም።

«ክብርት ሆይ፣ ይህ አለባበስ ከጊዜው ነባራዊ ሁኔታ አንጻር…» ብሎ ጀመረ።

አዲሷ ሥራ አስኪያጅ በሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር ላይ ወደተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር አሉ። «አባት፣ ባለጉዳይ ነዎት? እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው?»

«ምንም አልነካቸው ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «እዚህ ስመላለስ ዓመት አለፈኝ። እስከ ዛሬ በሙሉ ልብስና በከረባት ነበር የሚተኙት። እንዴት ይመቻቸዋል እያልኩ አዝንላቸው ነበር። ዛሬ ገና ለሥራቸው የሚሆን ልብስ ለበሱ።»

ሴትዮዋ ከረባትን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና ሾፌሩን ጠሩ።

«እኚህን ሰው ቤታቸው አድርሳቸው። አደራ፣ አልጋቸው ላይ መውጣታቸውን ሳታረጋግጥ እንዳትመለስ።»