የአያ የሻው ምላስ

«ኧረ አያ የሻው፣ እኔ እርስዎን ምን በደልሁ? አረቄዬ ጢስ ጢስ የሚለው እርስዎ ምድጃዬ ውስጥ ገብተው ቀምሰውት ነው? አክብሬ ነው የምናገረዎ፤ አፍንጫዎ ይርገፍ።»

ይኼ የአረቄ አውጪዋ የባንችይርጋ ድምፅ ነው። ወገቧን ይዛ፣ የነጠላዋን ጫፍ መሬት እያስጠረገች፣ «እርስዎ» ሳትል አንድ እርግማን አታወርድም። እሷ በሌለችበት ሳስመስላት ሰው ሆዱን ይዞ ይወድቃል፤ ባለችበት ሳስመስላት የምወድቀው እኔ ነኝ። አያ የሻው ግን ያን ቀን እንዲህ ስትራገማቸው አልሳቁም፣ አልተቆጡም። መለኪያዋን ገልብጠው አስቀመጡና፣ «አረቄሽ ይናገራል፤ ግን ጢሱ አፍኖት እየሳለ ነው የሚናገር» ብለው ወጡ።

መቼም ቀማሽ የሌለበት አገር የለም። ወጥ ቢሠራ ጨው የሚለካ፣ ጠላ ቢጠመቅ ጌሾ የሚቆጥር፣ ሳይጠሩት መጥቶ ሳይጠይቁት የሚፈርድ አንድ ሰው በየሰፈሩ አለ። የላሊበላው ግን ማዕረግ አለው። «ሊቀ ቀማሽ» ብዬ የሾምኋቸው እኔ ነኝ። ቀን ቀን መቋሚያ ይጠርባሉ፤ ካህናቱ ተደግፈው የሚቆሙበት ዘንግ ግማሹ የሳቸው እጅ ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲፈታ መጥረቢያውን ያስቀምጡና ምላሳቸውን ያነሣሉ።

ሥርዓቱ እንደ ቅዳሴ ነው፤ አይቀደምም፣ አይዘለልም። መጀመሪያ በውሃ መጉመጥመጥ። ቀጥሎ ሦስት ፍሬ የገብስ ቆሎ ማኘክ፣ አራት አይሆንም። ከዚያ አንድ ጠብታ መዳፍ ላይ አድርጎ ማሸትና ማሽተት። ከዚያ ትንሽ ስኒ ላይ አፍስሶ ክብሪት መጫር፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ካልሆነ ያስመልሱታል። መጨረሻ ላይ ዐይናቸውን ጨፍነው «እስቲ ይናገር» ይላሉና አንዴ ይጎነጫሉ። የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ። ሙያዬ ይኼ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ ከተመረቅሁ ወዲህ ሌላ ሹመት አላገኘሁም።

ሌላዋ አረቄ አውጪ ወለተ ሐና አንድ ቀን «የደጋው፣ የፍላቂት ገብስ ነው» ብላ ቀዳችላቸው። ጎነጩና፣ «ገብሱ ፍላቂትን አላያትም። ይኼ ቆላ ያደገ ማሽላ ነው፤ ገና ያልበዋል» አሏት። ወለተ ሐና ሁለት ሳምንት አኮረፈች፤ በሦስተኛው ገብስ ገዛች። አሁን የሷ ነው አንደኛው፤ መለኪያው በስሙኒ ይሸጣል።

የከተማው ሆቴል አስተናጋጅም አንድ ፈረንጅ ትቶት የሄደውን ውስኪ ይዞላቸው መጣ። ከገብስ ዘመድ ከሆነ እህል ወጥቶ ስድስት ዓመት በርሜል ውስጥ የተኛ ነው አላቸው። አያ የሻው ቀመሱት። «እንጨቱ ደኅና እንጨት ነው» አሉ፣ ጠራቢ አይደሉ። «አረቄው ግን ተኝቶ ቀርቷል። ዋጋው ስንት ነው?» ሲነገራቸው ጊዜ ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው መለሱለት። «በዚህስ ብር ወይፈን ገዝቼ እያየሁት እሰክራለሁ።»

እንግዲህ እኒህ ሰውዬ «እየሳለ ይናገራል» ካሉ በኋላ ባንችይርጋ ቤት ሰው መግባት ተወ። መለኪያውን ከስሙኒ ወደ አሥራ አምስት ሳንቲም አወረደች፤ እሱም አልሆነም። ጋኗን ሸጣ ጋሸና ልትሄድ፣ ለመኪና ሾፌሮች ወጥ ልትሠራ ወስና ነበር። ድስቷን ሁሉ አጥባ ደፍታዋለች። ይኼን የነገረችኝ ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነው፤ ስለዚህ የነገርኋቸው አምስት ሰው ብቻ ነው።

በዚህ መሀል ጥሩሰው የሚባል የኩልመስክ ገበሬ ልጁን ሊድር ሠላሳ ጠርሙስ አረቄ ፍለጋ መጣ። አያ የሻው ያሉትን እገዛለሁ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት አምስቱም አረቄ አውጪዎች ወለተ ሐና ግቢ ተሰበሰቡ። አምስት አንድ ዓይነት ጠርሙስ፣ ሁሉም በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ። ባንችይርጋ ከገበያ ስትሮጥ ቤቷ ገብታ፣ ጠርሙሷን ይዛ፣ ላብ በላብ ሆና መጨረሻ ደረሰች።

አያ የሻው አራቱን ቀመሱ፤ እኔም አራቱን ጨረስሁ። አምስተኛውን ቀዳሁላቸው። መዳፋቸውን አሹ፣ አሸተቱ። ክብሪቱን ሳይጭሩ ጎነጩ። እጃቸው ወደ ግንባራቸው ሊሄድ ተነሣና መንገድ ላይ ጢማቸውን ጠረገ። የተረፈውን እኔ ጨለጥሁት።

ጸበል ነው። ባንችይርጋ ለራስ ምታቷ ከራስጌዋ የምታኖረው ጸበል። አራት መለኪያ አረቄ በጠጣ ሆድ ላይ!

ወለተ ሐና ነገር ሸተታት። «አያ የሻው፣ ክብሪቱንስ?» አለች። ጥሩሰው አንገቱን አሰገገ። ባንችይርጋ ላይ «ውሃ ትቀላቅላለች» የሚል ወሬ ከወጣ ጋሸናም ቢሆን ቀድሟት ይደርሳል።

«ክብሪት አልቋል» አሉ አያ የሻው። ሳጥኑ ኪሳቸው ውስጥ ይንሿሿል፤ አጠገባቸው ስለነበርሁ እሰማዋለሁ። ሃያ ዓመት ስለ አረቄ ዋሽተው አያውቁም። አሁንም ስለ አረቄ አልዋሹም፤ የዋሹት ስለ ክብሪት ነው።

ከዚያ ቀስ ብለው ዞሩ። «ባንችይርጋ፣ ይኼን ከራስጌሽ ነው ያነሣሽው?»

ፊቷ አመድ መሰለ። አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች።

«ይኼ በባዶ ሆድ የሚቀመስ ነው። ነገ ከቅዳሴ መልስ አምጭልኝ።»

ጥሩሰው ሰውዬው አረቄውን ከፍ ከፍ ያደረጉት መስሎት እዚያው አደረ። በማግስቱ ባንችይርጋ ትክክለኛውን ጠርሙስ አቅፋ መጣች። ክብሪት ተገኘ፤ ነበልባሉ ሰማያዊ ሆነ። አያ የሻው ጎነጩ፣ ዐይናቸውን ከደኑ። እኔ ውስጤ «ይዋሹላት» እያለ ይለምን ነበር።

«ጢስ አለው» አሉ። ባንችይርጋ ወደ በሩ ዞረች። «ቆይ እንጂ። የወለተ ሐና ይበልጣል፤ በስሙኒ። የዚች ደግሞ ጢሱ ከገብሱ ጋር ታርቋል፤ አሥራ አምስት ሳንቲም ነው። አስተዋይ ደጋሽ አሥሩን ከወለተ ሐና ገዝቶ ለአማቾቹ ይቀዳል፤ ሃያውን ከባንችይርጋ ገዝቶ ለሚዘፍነው ይሰጣል። የሚዘፍን ሰው ጢስ አይሰማውም።»

እንዲሁ ሆነ። ሃያ ጠርሙስ። የተደፉት ድስቶች ተቃኑ፤ ባንችይርጋ ጋሸናን ረሳች። አሁን ስትራገም እንኳ የሳቸውን አፍንጫ እየዘለለች ነው።

ይኼን ሁሉ በመሠረተ ትምህርት ደብተሬ፣ መቋሚያ የሚጠርቡበት ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ስጽፍ አያ የሻው መጥረቢያቸውን አቆሙ። ከትከሻዬ በላይ ሆነው አነበቡ፤ «ጸበል» የሚለው ላይ ሲደርሱ ጣታቸውን አኖሩበት።

«አንተ፣ እዚህ ላይ በቃህ።»

«ምነው አያ፣ መልካም ሥራዎ አይደል?»

«መጻፉን ተው ብየሃለሁ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርሁም። አንተም አልነገርህም።»