ወይዘሮ ሮስቪታ የይለፍ ቃል አይሰጡም

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ስሙን ስትጠይቁት «ለምን ፈለጉት?» ይላችኋል፤ የዕቃ ካርቶን ከመጣሉ በፊት አድራሻው ያለበትን ቀዶ በመቀስ ይከታትፋል፤ ሰላም ስትሉት እንኳ ምን ፈልጋችሁ እንደሆነ ያስባል። የእኛው የላይፕዚጓ ክብርት ወይዘሮ ሮስቪታ ክናብ ናቸው፤ የጓሮ አትክልት ማኅበራችን ጸሐፊ፣ የአጥሩም የበሩም የአፋቸውም ጠባቂ።

ዳቦ ቤት የቅናሽ ካርድ ሊሰጧቸው ስልክ ቁጥር ቢጠይቋቸው «ዳቦው ሊደውልልኝ ነው?» ብለው በሙሉ ዋጋ ገዝተው ወጡ። ሐኪም ቤት ደግሞ እንግዳ ተቀባይዋ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ምናቸውን እንዳመማቸው ብትጠይቃቸው፣ እርሷ ልታክማቸው እንደሆነ መልሰው ጠየቋት። ለሁሉም ነገር አንድ አባባል አለቻቸው፤ «ቧንቧ ሊሠራ የገባ ሰው መሳቢያ አይከፍትም።» እውነቱን ለመናገር፣ ግማሹን ጊዜ ቧንቧው የቱ እንደሆነ አይገባኝም።

ታዲያ ባለፈው ጸደይ፣ የማኅበሩ ስብሰባ ሲቃረብ፣ የላፕቶፓቸው ስክሪን ጨለመ። መኪና ያለኝ እኔ ነኝና ፍዳው ለእኔ ደረሰ፤ ወደ ጥገና ቤት ይዣቸው ሄድኩ።

ጠጋኙ አቶ ዶርንባህ ሰው አይጠሉም፣ ግን ወረቀት ይወዳሉ። ቅጽ ገፋ አደረጉላቸው። ከስም ዝቅ ብሎ የይለፍ ቃል መጻፊያ ቦታ አለው። ከኋላቸው መደርደሪያው ላይ ተራ የሚጠብቁት ኮምፒውተሮች እያንዳንዳቸው የባለቤቱ ስምና የይለፍ ቃል የተጻፈበት ቢጫ ወረቀት ተለጥፎባቸው ወደ እኛ ዞረዋል። አንዱ የውሻውን ስም ነው የጻፈው፤ ውሻውን አውቀዋለሁ።

ወይዘሮ ሮስቪታ መነጽራቸውን አደረጉ። «ምኑ ነው የተበላሸው?»

«ስክሪኑ ይመስለኛል።»

«ስክሪን ለመቀየር ፓስወርዴ ምን ይሠራልዎታል?»

«ቅጹ ላይ ቦታ አለዋ፣ ወይዘሮ ክናብ። ባዶውን ከተተወ አልቀበልም።»

«እንግዲያው ሃርድ ዲስኩን አውጥተው ለእኔ ይስጡኝ። ስክሪኑ ይብራ አይብራ ያለ እርሱም ያዩታል።»

አቶ ዶርንባህ እንዲህ ያለ ነገር ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው እንደሌለ፣ የሁሉም ደንበኛ አሠራር አንድ እንደሆነ፣ እዚህ ቤት የሰው ፎቶ የሚያይ ሰው እንደሌለ አስረዱ። ወይዘሮዬ ቅጹን ገልብጠው በጀርባው ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ከኋላችን ያለው ወረፋ በአፍንጫው መተንፈስ ጀመረ። አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ ሴትየዋ ምን ብትደብቅ ነው እያለ ያጉረመርማል። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ጠጋ አልኩና «በፈጠረዎት፣ ምን የሚደበቅ ነገር አለዎት? ይስጡትና እንሂድ» አልኳቸው።

ከጽሑፉ ቀና አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔማ የቲማቲም ፎቶ ነው» አሉኝ። «ያ የእርስዎ በጋ ግን እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ አቶ ግሬቤ።»

ክው አልኩ።

የማኅበራችን ሕግ ቀልድ አያውቅም። ማኅበሩ ለእያንዳንዱ አባል ከሚሰጠው ቦታ ሲሶው አትክልት ይሁን፣ አጥሩ ከደረት አይለፍ፤ አረም የዋጠው ቦታ ለሌላ ይሰጣል፣ ባለቤቱ በቂ ምክንያት ካላቀረበ። ምክንያቱን የሚሰሙትና መዝግበው የሚይዙት ጸሐፊዋ ናቸው። በዚያ በጋ እኔ ከአልጋዬ መነሳት አቅቶኝ ነበር። አረሙ ቦታዬ ላይ ያለችውን የጎጆዬን መስኮት ሸፈነው። ወይዘሮ ሮስቪታ ቤቴ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙና ምን እንደሆንኩ ጠየቁኝ፤ ለገዛ ወንድሜ ያልነገርኩትን ነገርኳቸው። ምን እንደሆነ ለእናንተም አልነግራችሁም። ሊቀ መንበሩ በጉባኤ ፊት ይንገሩን እያለ ሲወተውታቸው «በቂ ምክንያት አለው» ብለው አፋቸውን ዘጉ። ቦታዬ የተረፈችልኝ በዚህች ቃል ነው። እንግዲህ ደግሞ ስንት አባል አለን፤ ትዳሩ የፈረሰበት አለ፣ መጠጥ የጣለው አለ፣ ልጁን የቀበረ አለ። የሁላችንም አረም ምክንያት እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ እኛኑ ታቅፈው ወረፋ ፊት ይሰደባሉ። ወደድኳቸው ልበል? ወደድኳቸው እንጂ፣ ያውም እዚያው ቆሜ።

ወደ ጠጋኙ ዞርኩ። «ዲስኩን ያውጡላቸው» አልኩ።

«ጌታዬ፣ ወረፋውን አያዩትም?»

«ይጠብቃ። እኛም ስንጠብቅ ነው የኖርነው።»

ባለ ኮፍያው አላስችል አለው። «ኧረ ለመሆኑ ምን ቢኖርበት ነው?» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።

«እኔ ነኝ ያለሁበት» አልኩት።

አቶ ዶርንባህ አንዴ እኔን፣ አንዴ ወይዘሮ ሮስቪታን አዩና የብሎን መፍቻቸውን አነሱ።