ጠፈር ላይ በረንዳ ምን ይሠራል?

ስህተት ሳያገኝ ከሰው ቤት የማይወጣ እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መቱ ላይ ጎረቤታችን ጋሼ ቶለሳ አሉልን። ሰርግ ላይ ወጡን፣ ለቅሶ ላይ ድንኳኑን ይተቻሉ። ዕድሜ ይስጣቸው።

በክረምት ዝናብ ያዛቸውና እንደ አገሩ ልማድ በረንዳችን ላይ ተጠለሉ። በርጩማ አቀረብንላቸው። ልጄ ሜሮን ሌቭል የሚሉትን የጌም ምዕራፍ ራሷ ሠርታ ነበር፤ ተጫዋቹ ከኮከብ ወደ ኮከብ ይዘላል። ለሰው ከመልቀቋ በፊት ላፕቶፑን ሰጥታ አስሞከረቻቸው።

"ጠፈር ላይ ይዘንባል እንዴ?" አሉ።

"እኔ ጋ ይዘንባል ጋሼ። ዝናቡ እስኪያባራ በረንዳ ስር ካልቆሙ ያንሸራትትዎታል።"

"በየኮከቡ በረንዳ? የማን ቤት ነው?"

"የማንም ይሁን፣ መንገደኛ ይጠለልበታል።"

"ሚቲ፣ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጠፈር የለም" ብለው ፈረዱ፣ ከእኛው ቆርቆሮ ስር ሆነው።

የሜሮን ፊት ጠቆረ። "ላጥፋው እማዬ፤ ሰው ይስቅብኛል" አለችኝ በሹክሹክታ። እኔ ስለ ጠፈር የማውቀው ፈጣሪ እንደሠራው ብቻ ነው። "መጀመሪያ እሳቸው ይሂዱ" አልኳት።

የውጭው ዝናብ አባራ፤ ጋሼ ግን አልሄዱም። ጌሙ ውስጥ በረንዳ አልገባም ብለው ከሦስተኛው ኮከብ ደጋግመው ይወድቃሉ። በመጨረሻ ግራ ቀኙን አይተው ገቡ፣ ዝናቡን አሳለፉ፣ ተሻገሩ።

"በረንዳው ጠባብ ነው" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሌላ ሰው ቢመጣ የት ይቆማል?"

ሜሮን በረንዳውን አሰፋችና ሌቭሉን ለቀቀችው። ተመስገን።