ስንዱ ጃርትና የግሣት አካዳሚ

አራዊት ሁሉ ልክ እንደ እኛ ስብሰባ በሚወዱበት በዚያ ዘመን፣ ከትልቁ ወንዝ ማዶ ባለው ደን ውስጥ ስንዱ የምትባል ጃርት ነበረች። ሥራዋ ወላጆቻቸው ምግብ ፍለጋ ሲሰማሩ የሚቀሩትን ግልገሎች፣ ቡችሎችና ጫጩቶች ማስተማር ነበር።

ትምህርት ቤቷ ከገደሉ ሥር ያለ ሰፊ ዋሻ ነው። በግድግዳው ዙሪያ ድንጋይ ደርድራ፣ የጥንቸል ልጅ እንኳ ሳትንጠራራ የምትደርስበት ዝቅ ያለ መደርደሪያ ሠርታለች። እዚያ ላይ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተሰለፉ ጠጠሮች፣ በየዓይነቱ የሚለቀም ዘር፣ ለትንሽ እጅ የሚሆኑ ቅሎችና የሣር መወልወያዎች ተቀምጠዋል። ተማሪው የወደደውን ያነሳል፤ ሰሌኑን አንጥፎ እስኪጠግብ ይሠራበታል፤ ሲጨርስ ወደ ቦታው ይመልሳል። የጅቡ ቡችላ እንኳ የጅግራዋ ጫጩት ዘሯን ለቅማ እስክትጨርስ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ምራቁን እየዋጠ ቢሆንም።

ስንዱ አንድ ጊዜ ታሳይና ጥግ ይዛ ትመለከታለች። ከሥራዋ ሁሉ የከበዳት ልጅ ሲሳሳት እያዩ ዝም ማለት ነበር።

ወላጆቹ ግን ዝምታዋን አልወደዱትም። አንድ ቀን የወላጆች ኮሚቴ ሊቀ መንበር አቶ ዝንጀሮ ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«እትዬ ስንዱ፣ ልጄን ዛሬ ምን ተማርክ ብለው ውሃ ቀዳሁ አለኝ። ትናንትም ውሃ ቀዳሁ ነው ያለኝ። እኔ የላክሁት እንዲማር ነው ወይስ ውሃ ቀጂ እንዲሆን?»

«ሳያፈስ መቅዳት ሲችል ራሱ ትቶት ወደ ሌላ ይሄዳል» አለች ስንዱ።

«ፈተና የለ፣ የቤት ሥራ የለ፣ አንደኛ የሚወጣ የለ! ልጄ ከማን እንደሚበልጥ በምን ልወቅ?»

ስንዱ ወደ ጥጓ ተመልሳ ልጆቹን መመልከት ቀጠለች።

ለዝንጀሮ ጥያቄ መልስ ይዞ የመጣው መምህር በቀቀን ነው። በቀቀን ለጥቂት ጊዜ ከአንበሳው ዋሻ በላይ ባለ ዛፍ ላይ ኖሮ ነበርና፣ ከዚያ የሰማትን አንዲት ግሣት ይዞ ተመለሰ። ረጅሙ ዝግባ ሥር «ዓለም አቀፍ የግሣት አካዳሚ» ከፈተ። ማግሣት የቻለ ነገ ቤተ መንግሥት ሥራ ያገኛል ሲባል ደኑ በአንድ እግሩ ቆመ። በየጎሬው ከግሣት በቀር ሌላ ነገር መናገር ነውር ሆነ። የድኩላዋ ልጅ እናቷን መጥራት ትታ «ግርርር» ማለት ጀመረች፤ እናቷም ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

የስንዱ ዋሻ ኦና ሆነ። የቀሩት የጅቡ ቡችላ፣ የጅግራዋ ጫጩትና ቡቃያው የሚባለው የከርከሮ ግልገል ብቻ ናቸው። ቡቃያውን በቀቀን «አፍንጫው ለግሣት አይመችም» ብሎ መልሶታል። ኮሚቴውም ተሰብስቦ ዋሻው ለአካዳሚው ይሰጥ ብሎ በጭብጨባ ወሰነ። አንበሳው ግን «እኔም የማስገባው ልጅ አለኝ። መጀመሪያ ሁለቱንም ልይ» አለ።

ስንዱ ይህን ስትሰማ ልቧ ተሸበረ። «አንዲት ግሣት ባስጠናቸው ምን ይለኛል?» አለች ለራሷ። ልትጠራቸው ዞር ስትል ቡቃያው ምላሱን አውጥቶ ከትልቁ ቅል ወደ ትንሹ ውሃ ሲያንቆረቁር አየችው። ዓለሙን ረስቶታል። ልትናገር የከፈተችውን አፏን መልሳ ዘጋችው።

አንበሳው መጀመሪያ ወደ አካዳሚው ሄደ። ተማሪዎቹ በሰልፍ ቁጭ ብለዋል። በቀቀን ክንፉን ሲያነሳ ሁሉም በአንድ ድምፅ አገሡ። ወላጆች አጨበጨቡ። አንበሳው ጆሮውን አቆመ።

«ምን ማለታችሁ ነው?»

አንዲት ጥንቸል «መምህራችን አልነገሩንም» አለች።

«ትርጉም የሚሰጠው ከፍ ሲሉ ነው፣ አያ አንበሶ!» አለ በቀቀን ተሽቀዳድሞ።

«ይህቺ እኔ ልጆቼን ለእራት የምጠራባት ናት» አለ አንበሳው። «‹ሥጋው እዚህ ነው፤ ኑ ብሉ› ማለት ነው። ደግነቱ እኔ ምሳዬን በልቻለሁ።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ሆዳቸው ሥር ሸጎጡ።

አንበሳው ወላጆቹን አስከትሎ ወደ ስንዱ ዋሻ ገባ። መዝሙር የለ፣ ሰልፍ የለ። ልጆቹ ቀና ብለው አዩት፣ ሰላም አሉት፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አቶ ዝንጀሮ በሀፍረት ጣቱን ነከሰ።

«ውሃ ጠማኝ» አለ አንበሳው።

ቡቃያው ብድግ ብሎ ቅሉን አነሳ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ተደናቀፈና ውሃውን እንዳለ አንበሳው እግር ላይ ደፋው።

«ኧረ ይያዙት እንጂ፣ እትዬ ስንዱ! ቅሉን ይቀበሉት!» ብሎ ጮኸ ዝንጀሮ። የቡቃያው እናት ዓይኗን ጨፈነች። ስንዱ እሾኋ ሁሉ ቆሞ እየተንኮሻኮሸ ከመቀመጫዋ ተነሳች። የአንበሳውን ጥፍር አየች። ከዚያ የቡቃያውን ፊት አየች። ልጁ እሷን አልፈለገም፤ ዓይኑ የፈሰሰው ውሃ ላይ ነበር። መልሳ ተቀመጠች፤ እጇ እንዳያመልጣት ሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

ቡቃያው መወልወያውን አመጣ። መሬቱን ወለወለ። የአንበሳውንም እግር፣ በጥፍሮቹ መካከል እየገባ፣ አደረቀ። አንበሳው ስለኮረኮረው ጺሙ ተንቀጠቀጠ። ልጁ መወልወያውን ወደ ቦታው መልሶ፣ እንደገና ቀድቶ፣ ጠብታ ሳያፈስ አቀረበ።

«ይኸው» አለ።

አንበሳው አንጠፍጥፎ ጠጣ። «እኔ ቤት የሚያገሣ ሞልቷል» አለ አፉን እየጠረገ። «የደፋውን ጎንበስ ብሎ የሚያደርቅ ግን አንድም የለኝም። ልጄ ነገ ይመጣል።»

ስንዱ ሳቋ አመለጣት፤ ሳቁ ዋሻውን ሞላው።

በነጋታው የአንበሳው ደቦል መጣ። ገና እንደገባ የጫጩቷን ዘር ሊነጥቅ ሲል «ተራህን ጠብቅ» አለችው ጫጩቷ፤ ጠበቀ። ወዲያው ከወደ ዝግባው የልጆች ጩኸት ተሰማ። ስንዱና የቡቃያው እናት ወጥተው ቢያዩ፣ መምህር በቀቀን «ዓለም አቀፍ የውሃ መቅዳት አካዳሚ» ከፍቷል። ደኑ ሁሉ ልጁን ለማስመዝገብ ይጋፋል። ተማሪዎቹ በሰልፍ ተቀምጠው፣ ቅልም ውሃም በሌለበት፣ «ውሃ ይቀዳል! ውሃ ይቀዳል!» እያሉ ይጮኻሉ። አቶ ዝንጀሮ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ «የእኔ ከሁሉም በልጦ ይጮኻል!» ይላል።

«ኧረ እትዬ ስንዱ፣ እነዚህ ልጆች ምን ይሻላቸዋል?» አለች የቡቃያው እናት።

«ልጆቹስ ያድጋሉ» አለች ስንዱ። «እኔን የሚያሳስቡኝ ወላጆቹ ናቸው።»