እንግሊዝ አገር የነፋሁት ጡሩምባ

እንግሊዞች ሰው መቅበር አይችሉም። ይህን የሚለው አፉ ላይ የመጣለትን የሚለፈልፍ ሰው አይደለም። እኔ ነኝ።

የማታውቁኝ ካላችሁ (ሰበታ ውስጥ የላችሁም፤ ምናልባት ቡራዩና ሱሉልታ) ላስተዋውቃችሁ። ጋሽ በቀለ እባላለሁ። ጎረቤቶቼ ኦቦ በቀለ ይሉኛል፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጆቼን ላስመዘግብ ብቻ ነው። ማንበብን ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ ራሴን አስተማርኩ። እንግሊዝኛውን ደግሞ የፋብሪካ መጋዘን ውስጥ ስሠራ ከካርቶኖቹ ላይ ለቀምኩት። "በጥንቃቄ ይያዝ"፣ "ይህ ወገን ወደ ላይ"፣ "ከእርጥበት ይጠበቅ"... ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጡት እንግሊዝኛ የእኔ የሚለየው ሁሉም ትእዛዝ መሆኑ ነው። ለአመራር ይመቻል።

ከሁሉም በላይ ግን የእድር ሊቀመንበር ነኝ። ደንቡን ያረቀቅሁት እኔ፣ ከቀብር የቀረ እንዲቀጣ ያስወሰንኩት እኔ፣ ጡሩምባ ነፊያችን ሲታመም በንጋት ተነስቼ ሰፈሩን የምቀሰቅሰው እኔ። "የጋሽ በቀለን ጡሩምባ የሰማ ተመልሶ አይተኛም" ይባላል። ይህን ያሉት ሌሎች ናቸው፤ እኔ የጻፍኩት ለመረጃ ያህል ነው።

እና ልጄ ሰናይት "አባዬ፣ ይምጡና ይዩኝ" ብላ አስወሰደችኝ። እንግሊዝ አገር፣ ጫካ ጥግ ባለች አንዲት ትንሽ የገበያ ከተማ ነርስ ናት። የከተማዋን ስም አልጽፍም፤ ላሳፍራት አልፈልግም። ማክሰኞ ማክሰኞ ገበያ ይውላል። ገበያ የምለው እነሱ ስላሉት ነው እንጂ ከብት የለ፣ ግፊያ የለ፣ ጩኸት የለ! ሻጩ ዋጋ ይናገራል፣ ገዢው ይከፍላል፣ ከዚያ ሁለቱም ይመሰጋገናሉ። እንዲህ ያለውን እኛ ሰበታ ገበያ አንለውም። ፋርማሲ ነው የምንለው።

ጫካውስ? ጫካው ትልቅ ነው፤ አልዋሽም። ነገር ግን ማገዶ የሚለቅም የለም፣ ጅብም የለበትም። ሰዎቹን "ምን ልታደርጉ ነው የምትገቡት?" ብትሏቸው "ልንራመድ" ይሏችኋል። ባዶ እጃቸውን ገብተው ባዶ እጃቸውን ይወጣሉ፤ ደግሞ ደስ ብሏቸው!

ከቶም ጋር የተዋወቅነው እዚያ ጫካ ውስጥ ነው። ቶም የልጄ ግድግዳ ተጋሪ ጎረቤት፣ ዕድሜ ልኩን በዚያ ጫካ ዛፍ ሲተክልና ሲመለምል የኖረ ሽማግሌ ነበር። እኔ ስለ ባሕር ዛፍ በአማርኛ አስረዳዋለሁ፤ እሱ ስለ ራሱ ዛፎች በእንግሊዝኛ ያስረዳኛል፤ ተግባብተን እንመለሳለን። ኦሮምኛም አስጀመርኩት። "አካም!"፣ እንዴት ነህ፣ ስለው "ፋያ!"፣ ደህና፣ ማለት ለምዶ ነበር። ሚስቱ ማርጋሬት አጥሩ ላይ ተደግፋ ትስቅብናለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሰናይት ዓይኗ ቀልቶ ገባች።

"አባዬ፣ ቶም አረፈ።"

ጋቢዬን አንስቼ ብድግ አልኩ። "ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?"

"ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሐሙስ።"

ሁለት ሳምንት! እኛ ዘንድ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ይሞታል፣ ይቀበራል፣ ሠልስቱ ይወጣል፣ ልጆቹ በውርስ ይጣላሉ፣ በሽማግሌ ይታረቃሉ። እዚህ ግን ሟቹ ወረፋ ይጠብቃል።

ማርጋሬት ቤት ሄጄ ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ ሙያ ነው። ሻይ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ፣ ዝም አልኩ። በነጋታውም እንዲሁ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ።

"አባዬ" አለች ሰናይት ማታ፣ "ማርጋሬት ደውላ 'አባትሽ የሚፈልገው ነገር ይኖር ይሆን?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"'ሊያጽናናሽ ነው' አልኳት።"

"እሷስ?"

"'ነገም ይመጣል?' አለች።"

በነጋታው ሄጄ፣ በካርቶን እንግሊዝኛዬ ላይ ሰናይት ያስጠናችኝን ጨምሬ፣ ዋናውን ጉዳይ አነሳሁ። "ለቀብሩ ማን ማን ይመጣል?"

"እኔ፣ እህቴ፣ አንተና ሰናይት" አለች ማርጋሬት የሻይ ኩባያዋን ጆሮ እያሻሸች። "ቶም ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር። ደግሞስ ማን ያስታውሰዋል? ዛፍ እኮ ነው የተከለው።"

አራት ሰው! ከአራቱም አንዷ፣ እህትዮዋ፣ በምርኩዝ የምትሄድ። በአራት ሰው እኛ አገር ሚኒባስ እንኳ አይነሳም።

"ለሰዉ ተነግሯል?" አልኩ።

"ጋዜጣ ላይ ትንሽ ማስታወቂያ ወጥቷል።"

ጋዜጣ! ጋዜጣ ስኳር መጠቅለያ መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሴትዮዋ ባሏን እንደ ጠፋ ዕቃ በዝምታ ልትቀብረው ነው፤ የእድር ሊቀመንበር ደግሞ ጎረቤት ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ሰበታ ቢሰማ ምን እባላለሁ?

የቀብሩ ሳምንት ማክሰኞ ገበያ ወጣሁ። አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ዘንድ የነሐስ የአደን ጡሩምባ ተሰቅሏል።

"ይሠራል?" አልኩት።

"የግድግዳ ጌጥ ነው" አለኝ።

አውርጄ ነፋሁት። ሰውዬው የያዘው ሻይ ሱሪው ላይ ፈሰሰ። ይሠራል። ዋጋ ቀንስልኝ ብለው እንደ እብድ አየኝ፤ ደግሜ ልነፋ ወደ አፌ ሳስጠጋው ቀነሰ።

ረቡዕ ንጋት ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ የገበያው አደባባይ መሀል ቆምኩ። ሰናይት ተኝታለች። ሳንባዬን ሞልቼ ለቀቅሁት... ከዚያም ድምፄን ከፍ አድርጌ፦

"ቶም ሞቷል! ቀብሩ ነገ አምስት ሰዓት፣ ጫካው ውስጥ! የቀረ ይቀጣል!"

አምስት ሰዓት የምለው ለእናንተ ነው፤ ለእነሱ በራሳቸው አቆጣጠር አሥራ አንድ ነው ያልኳቸው፤ እንግዳ ነኝና። የመስኮቶቹ መብራት እየበራ መጣ። አንድ ፒጃማ የለበሰ ሰውዬ አንገቱን አወጣ።

"አንተ ሰውዬ! ስንት ሰዓት እንደሆነ ታውቃለህ?"

"አምስት ሰዓት! ነገ!" አልኩት።

"ፖሊስ እጠራለሁ!" አለች ሌላዋ።

"ጥሪያቸው! እነሱም ይምጡ!" አልኳት። ቀብር ላይ ደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ካለ ሰልፉ ያምራል።

ፖሊሷ መጣች። ወጣት ናት፤ ሥርዓት አላት።

"ጌታዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ሰው ሞቶ እየተናገርኩ።"

"ማን ነው የሞተው?"

"ቶም። የጫካው ቶም።"

ፊቷ ተለወጠ። "ትምህርት ቤታችን መጥቶ ዛፍ ያስተከለን ቶም? ሞተ እንዴ?"

"ጋዜጣ አታነቢም?"

"አላነብም።"

"ለዚህ ነው ጡሩምባ ያስፈለገው" አልኳት። ነገሩ ገብቷታል፤ ጡሩምባውን ግን ወስዳ ወደ ቤት ሸኘችኝ።

ቤት ውስጥ የጠበቀኝ ከፖሊስ የባሰ ነው። ሰናይት ስልኳን እያወዛወዘች ቆማለች።

"አባዬ! የከተማው ግሩፕ በሙሉ ስለ እርስዎ ነው! 'ብርድ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ ሊነጋጋ ሲል ጡሩምባ ነፋብን' ብለው ከተማው ተቆጥቷል!"

"ከተማው በሙሉ?"

"በሙሉ!"

"እንግዲያው ሰምተዋል ማለት ነው።"

"'ለመሆኑ ይህ ቶም ማነው?' እያሉ ይጠያየቃሉ! አሁን ደግሞ አንዱ ፎቶውን ለጥፏል... ግን ማርጋሬትን አስበዋል? ቶም ሰው ማስቸገር አይወድም ነበር አላለችዎትም? ብትቀየምስ?"

የዚያን ዕለት ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የሻይ ጉዳይ ነው፤ የእነሱ ሻይ ይከብዳል።

ሐሙስ ሰናይት እየተነጫነጨችም ቢሆን ንፍሮ ቀቀለችልኝና ወደ ጫካው ሄድን። ሬሳ ሳጥኑን ሳይ ደነገጥኩ፤ ከቀጭን ቅርንጫፍ የተጎነጎነ ቅርጫት ነው! እኛ ዶሮ የምንጭንበት! የቶም ምኞት ነው አሉኝ። ዝናቡም ማካፋት ጀመረ።

የጫካው በር ላይ ስንደርስ ማርጋሬት ቆመች። ከበሩ ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ነው። ልጆች፣ ሽማግሌዎች፣ ውሾች ሳይቀሩ። አሮጌ ዕቃ ሻጩ በሌላ ሱሪ መጥቷል። ፒጃማ ለባሹ ሙሉ ልብስ ለብሷል። ፖሊሷም አለች፣ ጡሩምባዬን በብብቷ ይዛ። ልቆጥራቸው ሞከርኩና ተምታታብኝ፤ በመጋዘን ዘመኔ ሁሉ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ማርጋሬት ክንዴን ያዘች። "እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?"

"የእድሩ አባላት" አልኳት።

ክንዴን አልለቀቀችም።

ቅርጫቱን የተሸከሙት ልምድ የሌላቸው ናቸው፤ ጭቃው ያንሸራትታቸዋል። ሳልጠየቅ ፊት ቀደምኩና በእንግሊዝኛ አዘዝኩ። "በጥንቃቄ ይያዝ!" ስል አጠበቁ። ቁልቁለቱ ላይ ሲያዘነብሉት "ይህ ወገን ወደ ላይ!" አልኩ፤ አቀኑት። ዝናቡ ሲበረታ "ከእርጥበት ይጠበቅ!" ስል ጃንጥላዎች ከየአቅጣጫው ተዘረጉ። አንድም ቃል አልባከነም።

ቅርጫቱ ወደ ጉድጓዱ ሲወርድ ግን ማንም አላለቀሰም። ሁሉም ጫማውን ያያል። አንድ ሰው መጀመር ነበረበት። ጠርዙ ላይ ቆሜ እንደ ልማዳችን ተጣራሁ።

"አካም፣ ቶም!"

ሰዉ ከጫማው ቀና አለ።

"ፋያ" አለች ማርጋሬት ከአጠገቤ፣ በቀጭን ድምፅ።

ከዚያ በኋላ አለቀሱ። በደንብ አለቀሱ። እኔም... ዝናብ ነበር።

እንግዲህ የሠራሁትን ባጭሩ ልንገራችሁ። አንድ እንግሊዛዊ በወግ አስቀብሬያለሁ። ገበያቸው ውስጥ ዋጋ አስቀንሻለሁ። ፒጃማ ለባሹን ንፍሮ አስዘግኛለሁ፤ ሁለት ጊዜ ዘግኖ ልጆቹንም ጠርቷል። ጡሩምባዬን ከፖሊስ እጅ በክብር ተረክቤያለሁ። ሰበታ ስመለስ በሌለሁበት ላመለጡኝ ቀብሮች የራሴ እድር ቀጥቶኛል፤ ደንቡን ማን እንዳረቀቀው ታውቃላችሁና ቀዳዳ አላገኘሁበትም። ጡሩምባውን ለማርጋሬት ትቼላት መጥቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰናይት እንደነገረችኝ ደግሞ ዘመድ የሌለው አንድ ጎረቤታቸው ሞቶ፣ ማርጋሬት በንጋት ካፖርቷን ደርባ አደባባዩ ላይ ነፍታለች። ፖሊስ የጠራ የለም። አነፋፏ ግን ሆዷን የታመመች ላም ነው የሚመስለው አሉ።

በስልክ እያስተማርኳት ነው።