ድምፁ የጠፋው ቴሌቪዥንና የጋሽ ዳንጊሶ መዝሙር

ጎረቤት ሆኖ አለመስማት አይቻልም። ሰዎች ወሬኛ ይሉኛል እንጂ እኔ የማንንም ቤት አንኳኩቼ አላውቅም፤ የሰው ቤት ድምፅ ራሱ በቆርቆሮ አጥሬ ሾልኮ ይመጣል። ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልመልሰው?

ሚሊኒየሙ ሊገባ ሲል ሐዋሳን ጌም ቤት አጥለቅልቋት ነበር። የጎረቤቴ የጋሽ ዳንጊሶ ልጅ ምህረትም ሥራ ብታጣ የመንገድ ዳሩን ክፍል ጌም ቤት አደረገችው። ፒያሳ ያሉት ኳስ ነው የሚያጫውቱት፤ እሷ ዘንድ ግን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ጎን የሚጠቁም ቀስት የተሳለበት ምንጣፍ አለ። ቴሌቪዥኑ ላይ ቀስቶች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ ተጫዋቹ ዘፈኑን እየሰማ ያንኑ ቀስት ምንጣፉ ላይ በእግሩ ይረግጣል። ከሳተ ተሸነፈ። ሰፈሩ በሙሉ በሯ ላይ ተሰለፈ።

ጋሽ ዳንጊሶ ደግሞ የቸርቻቸው መዘምራን መሪ ናቸው። "በቤቴ ዓለማዊ ዘፈን? እስከ እሁድ ይሄን ማሽን አውጪልኝ" አሏት። የልጅቱ እንጀራ ሊቋረጥ ነው።

ምህረት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋችና የአባቷን መዘምራን ካሴት በቴፕ ከፈተች። መጀመሪያ ቀስቱ ይሮጣል፣ መዝሙሩ ይንቀራፈፋል። ታጠፋለች፣ ታጠነጥናለች፣ ሌላ መዝሙር ትሞክራለች። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ (ጆሮ ብቻ ነው አልኩ እንዴ?) አብሬ ተጨነቅኩ። አንድ ቀን ከሰዓት ግን ገጠሙ። ቀስቱ ብቅ ሲል ከበሮው ይመታል፤ ከበሮው ሲመታ እግሯ ያርፋል። ማሽኑን የሠሩት ሰዎች ይህን መዝሙር አልሰሙም፤ መዝሙሩን የዘመሩት ቀስቱን አላዩም። ማን አስተዋወቃቸው?

እሁድ ጋሽ ዳንጊሶ ከቸርች ሲመለሱ የራሳቸውን ድምፅ ከጌም ቤቱ ሰምተው በሩ ላይ ቆሙ። እኔም ጨው ልዋስ ብዬ ደረስኩ። አልተቆጡም፤ ምንጣፉ ላይ የምትረግጠውን ልጃቸውን በዓይናቸው ይከተሉ ጀመር። መዝሙሩ መሃል ላይ የምህረት እግር ሳተ።

"እዚህ ጋ ምን ሆንሽ?"

"እኔ አይደለሁም አባዬ፤ እናንተ ናችሁ የሮጣችሁት። ቀስቱ እንደሆነ አይቸኩል።"

አለቀላት አልኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው፣ "ስንቴ ነገርኳቸው እነዚህን መዘምራን፣ እዚህ ጋ አትሩጡ ብዬ! መልሺው እስቲ" አሉ።

ማሽኑ አልወጣም። የወጡት ደንበኞቹ ናቸው። በማግስቱ መዘምራኑ በሙሉ ጫማቸውን በር ላይ ደርድረው ገቡ፤ ካሴቱን አጥፍተው ራሳቸው እየዘመሩ፣ ሳምንቱን ሙሉ በምንጣፉ ላይ ተራ በተራ ሲለማመዱ ከረሙ። ምህረት በመጨረሻ በሩ ላይ ቆሜ ሳይ አጠገቤ መጥታ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ እነዚህን ማን ያስከፍልልኛል?" አለችኝ።

"ቆይ ልጄ፣ ይቺን መዝሙር ይጨርሱ" አልኳት። ያቺ የሚሮጡባት ቦታ ደረሰች፤ አንድም እግር አልሳተም።