በመልስ ግብዣ ላይ «አልፈታም» ያለኝ ካርድ

ወገኖቼ፣ ዛሬ መንዝ ሞላሌ ላይ የሰው ትዳር ላፈርስ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ያውም በላፕቶፕ!

የአጎቴ ልጅ የጥሩዬ መልስ ነበር። አባቷ ጋሽ ተፈራ የተክሊሉ ቀን እግራቸው ወለም ብሏቸው ቤት ቀርተዋል። ልጃቸው አክሊል ስትደፋ አላዩም። ነገ ደግሞ ከባሏ ጋር ለኑሮ ዓለም ከተማ ልትሄድ ነው።

«እስቲ ቪዲዮውን አሳየኝ» አሉኝ። የቀረጽኩት እኔ ነኝ፤ እምቢ ይባላል?

ላፕቶፔን በቅርቡ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ጭኜበታለሁ። ከቫይረስ ተገላገልኩ ብዬ ስፎክር ነበር የከረምኩት!

ፕሌይ አልኩት። መዝሙሩ ይሄዳል፣ ጥሩዬ ግን ቆማለች። ትንሽ ትነቃነቅና ደግሞ ትቆማለች።

ችግሩ ገብቶኛል። የታመቀውን ቪዲዮ ፈትቶ ማሳየት የነበረበት ግራፊክስ ካርዱ ነው፤ ድራይቨር የሚሉት የሚያሠራው ፕሮግራም ስለሌለው ሥራው ሁሉ ምስኪኑ ፕሮሰሰር ላይ ወድቋል። ገብቶኝ ዝም ብል ምን ነበረበት?

«አልፈታም ብሎ እኮ ነው! ከፈታ ሁሉም ይስተካከላል!» ብዬ ጮህኩ።



የሙሽራው አያት ብርሌያቸውን አስቀመጡ። «በስመ አብ! ገና በመልሷ ማን ነው የሚፈታት?»

«አይ አባባ፣ ፍቺው እኮ በካርድ ነው...»

«መንዞች ለፍቺም ካርድ ትበትናላችሁ?»

አክስቴ ጎኔን ቆነጠጡኝ። ነፍሴ ልትወጣ!

እጅ ግን አልሰጠሁም። ላፕቶፔን ታቅፌ ኔትወርክ ፍለጋ ከጓሮ ካብ ላይ ወጣሁ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል፣ ዳውንሎዱ ይንፏቀቃል፣ ውስጥ ክትፎው እያለቀ ነው። ጋሽ ተፈራ ልጃቸውን ሳያዩማ አልወርድም አልኩ።

ድራይቨሩ ገባልኝ!

ተመልሼ ከፈትኩት። ካርዱ ፈታው! ጥሩዬ አንዴም ሳትደናቀፍ ከቤተ ክርስቲያን ወጣች፣ ደረጃውን ወረደች፣ መኪና ውስጥ ገባች። እኔ ጭብጨባ እየጠበቅሁ ወደ ጋሽ ተፈራ ዞርኩ።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «የቅድሙ ይሻለኝ ነበር ልጄ። አሁንማ ሳልጠግባት ሮጠችብኝ።»



«ፖዝ አታደርገውም ነበር?» የምትሉ አላችሁ። አደረግሁት። «ይሄማ ፎቶ ነው» አሉኝ።

እናማ፣ በስንት መከራ ያገኘሁትን ድራይቨር በገዛ እጄ አጠፋሁት። ጥሩዬ እየተንቀራፈፈች ከቤተ ክርስቲያን ወጣች፤ መኪናው ጋ እስክትደርስ አባቷ ዓይናቸውን አልነቀሉም።

እስቲ ንገሩኝ፣ «እባክህ አዘግይልኝ» ተብሎ የተለመነ የኮምፒውተር ባለሙያ ከእኔ ሌላ ታውቃላችሁ?